ከጎኑ የሚቀደድ ተራራ፦ ኒራጎንጎ ለምን ቀድሞ አይናገርም?

እ.ኤ.አ. ሜይ 22 ቀን 2021፣ በእኛ ግንቦት 14 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። ምሽት 1 ሰዓት አካባቢ በምሥራቅ ኮንጎ የምትገኘው የጎማ ከተማ ሰው ቀና ብሎ ሲያይ በስተሰሜን ያለው ሰማይ ቀልቷል። የኒራጎንጎ ተራራ ጎኑ ተቀዶ ላቫው ቁልቁል እየወረደ ነው። ሰዉ ልጁን አዝሎ፣ ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ሩዋንዳ ድንበር ነጎደ። ቀደም ብሎ "ውጡ" ያለው አካል አልነበረም።

ግራ የሚያጋባው ደግሞ ኒራጎንጎ የተረሳ ተራራ አለመሆኑ ነው። ጎማ ውስጥ ሥራዬ ብሎ እሱን የሚከታተል የእሳተ ገሞራ ታዛቢ ማዕከል አለ። ንዝረት የሚለኩ መሣሪያዎች ተተክለውበታል። ሳተላይቶችም ያዩታል። ታዲያ እንዴት ሳይታወቅ ቀረ? ብዙ ሰው ወዲያው ጣቱን ማዕከሉ ላይ ቀሰረ። ማዕከሉም ጣጣ አላጣውም፣ እመጣበታለሁ። የጥያቄው ዋና መልስ ግን ያለው ተራራው ሆድ ውስጥ ነው።

ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የኛው ስምጥ ሸለቆ ሌላኛው ጫፍ

ኒራጎንጎ ሩቅ አገር ያለ ቢመስልም የዘር ግንዱ ከኛው ነው። ከአፋር ተነስቶ ኢትዮጵያን ለሁለት ሰንጥቆ የሚወርደው ስምጥ ሸለቆ ወደ ደቡብ ሲሄድ በሁለት ቅርንጫፍ ይከፈላል። አንዱ በኬንያና በታንዛኒያ በኩል ያልፋል። ሌላው፣ ምዕራባዊው፣ የአልበርትን፣ የኤድዋርድን፣ የኪቩንና የታንጋኒካን ሐይቆች እንደ ዶቃ ደርድሮ በኡጋንዳ፣ በሩዋንዳ፣ በቡሩንዲና በኮንጎ በኩል ይወርዳል። የመሬት ቅርፊት ሲለጠጥ ይሳሳል። ሲሳሳ ከሥሩ ያለው ትኩስ አለት ጫናው ይቀልለትና መቅለጥ ይጀምራል። የቀለጠው ደግሞ መውጫ ይፈልጋል።

ከኪቩ ሐይቅ በስተሰሜን የቪሩንጋ ተራሮች አሉ። ዋና ዋናዎቹ 8 ናቸው። አብዛኞቹ ዛሬ ደን ለብሰው የተራራ ጎሪላ መኖሪያ ሆነዋል። እሳታቸው ያልበረደው ሁለቱ ምዕራባውያን ናቸው፦ ኒያሙራጊራና ኒራጎንጎ። በአፍሪካ በታሪክ ከተመዘገቡት የእሳተ ገሞራ ፍንዳታዎች 40 በመቶ ያህሉ የእነዚህ የሁለቱ ሥራ እንደሆነ ይነገራል። ኒያሙራጊራ ሰፊና ዝርግ ነው። ቶሎ ቶሎ ይፈነዳል፣ ግን ላቫው በአብዛኛው ጫካ ውስጥ ስለሚቀር የሚያወራለት የለም። ኒራጎንጎ ግን 3,470 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ጎኑ ቀጥ ያለ ሾጣጣ ነው። ከሥሩ ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው የሚኖርባት ከተማ አለች።

መልኩ ሌላ፣ ደሙ ሌላ

ኒራጎንጎ በሳይንሱ ቋንቋ ስትራቶቮልካኖ ይባላል። ይህ ማለት አንድ ዙር ላቫ፣ በላዩ አመድና ጠጠር፣ እንደገና ላቫ እየተነባበረ ያደገ ሾጣጣ ተራራ ነው። የጃፓኑ ፉጂ፣ የፊሊፒንሱ ፒናቱቦ፣ የአሜሪካው ሴንት ሄለንስ ሁሉም የዚህ ዓይነት ናቸው።

ስትራቶቮልካኖ ሲባል ብዙ ጊዜ ወደ አእምሮ የሚመጣው ፍንዳታ ነው። ሴንት ሄለንስ በሜይ 1980 አናቱ በርቅሶ አመዱን ወደ ሰማይ ሲወረውር 57 ሰዎች ሞተዋል። የዚህ ምክንያቱ ሲሊካ የሚባለው ነገር ነው። ሲሊካ አሸዋም መስታወትም የሚሠራበት ንጥረ ነገር ነው። በቅልጥ አለት ውስጥ ሲበዛ እርስ በርሱ ይያያዝና ቅልጡን ያወፍረዋል። በወፈረ ቅልጥ ውስጥ የታሰረ ጋዝ ማምለጥ አይችልም። ይጠራቀማል፣ ይጠራቀማል፣ በመጨረሻ ይበጣጥሰዋል። በሴንት ሄለንስ ላቫ ውስጥ ሲሊካው 60 በመቶን ያልፋል።

የኒራጎንጎ ላቫ ሲሊካ ግን ከ40 በመቶ በታች ነው። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ላቫ የሚተፋ ንቁ እሳተ ገሞራ በጣት የሚቆጠር ነው። ከኤርታሌ ላቫ እንኳ ያነሰ ሲሊካ አለው። የዚህ ምንጩ ጥልቀቱ ነው። የኒራጎንጎ ቅልጥ የሚወለደው ከመሬት ቅርፊት በታች ባለው ማንትል፣ በጣም ጥልቅ ቦታ፣ አለቱ በጥቂቱ ብቻ ሲቀልጥ ነው። እንዲህ የተወለደ ቅልጥ ሲሊካው ያነሰ፣ ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት ይሆናል። ውጤቱ እጅግ ቀጭን፣ እጅግ ፈሳሽ ላቫ ነው።

እንዲህ ያለ ላቫ ጋዙን አያፍንም፣ ይለቀዋል። ስለዚህ አይበረቅስም። ይሄ ደስ የሚል ዜና ይመስላል። እውነቱ ግን ወዲህ ነው፦ የሚበረቅስ ተራራ ብዙውን ጊዜ ከመፈንዳቱ በፊት ለሳምንታት ይንቀጠቀጣል፣ ያብጣል፣ ያጉረመርማል። ሴንት ሄለንስ ሁለት ወር ያህል ሲዝት ነበር። ፒናቱቦም በ1991 ከመፈንዳቱ በፊት ለሳምንታት ምልክት በመስጠቱ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ማውጣት ተችሏል። ለምን ቢባል፣ ቅልጡ ከጥልቁ ተነስቶ አለት እየሰነጠቀ ወደ ላይ መምጣት ስላለበት ነው። መሣሪያው የሚሰማው ያንን ስንጠቃ ነው።

የኒራጎንጎ ቅልጥ ግን ቀድሞውኑ ወጥቷል። እላይ ተቀምጦ ነው የሚጠብቀው።

ተራራው አናት ላይ ያለው ሐይቅ

የኒራጎንጎ አፍ 1.2 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ግድግዳው ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። በዚያ ጉድጓድ ውስጥ፣ ለአብዛኛው የ20ኛው ክፍለ ዘመንና ከ2002 እስከ 2021 ባሉት ዓመታት፣ የሚፈላ የላቫ ሐይቅ ነበር። በአንድ ወቅት በዓለም ትልቁ የላቫ ሐይቅ ይባል የነበረው እሱ ነው። እሳተ ገሞራ አጥኚው ሃሩን ታዚየፍ በ1948 ወደ አፉ ወርዶ ሐይቁን በቅርብ ካየው በኋላ ደጋግሞ ተመልሶበታል። በቅርብ ዓመታትም የቪሩንጋ ብሔራዊ ፓርክ ጠባቂዎች ጎብኚዎችን ከተራራው ግርጌ ካለው ኪባቲ እየመሩ ጫፉ ላይ ያወጡ ነበር። የአምስት ስድስት ሰዓት ዳገት ነው። እላይ ጎጆዎች ነበሩ፣ ጎብኚው እዚያ አድሮ ሐይቁን ቁልቁል ያይ ነበር። የሐይቁ ገጽ ጥቁር ቆዳ ያወጣል። ቆዳው በቀይ መስመር ይሰነጣጠቃል፣ አንዱ ቁራጭ በሌላው ሥር ይሰምጣል፣ ከመሐል የጋዝ ምንጭ ፈልቶ ላቫውን ወደ ላይ ይረጫል።

በአፉ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ እርከኖች አሉ። ከላይ ያለው ከ1977 በፊት ሐይቁ ደርሶበት የነበረው ከፍታ ነው። ከሱ ዝቅ ያለው ከ2002 በፊት የነበረው ነው። እኔን ከተራራው ሁሉ በላይ የሚገርመኝ ይሄ ነው። ተራራው እያንዳንዱን አደጋ በራሱ ግድግዳ ላይ ምልክት አድርጎ አስቀምጧል፦ እስከዚህ ሞላሁ፣ ከዚያ ፈሰስኩ እያለ።

የአደጋው ቁም ነገር ይኸው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ፎቅ ላይ ሮቶ ያለው ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ውሃው እላይ ነው ያለው፣ ግፊቱ ግን የሚበረታው ታች ነው። ቧንቧው ምድር ቤት ላይ ከተሰነጠቀ ሮቶው ራሱ ምንም ሳይሆን ቤቱ ይጥለቀለቃል። የኒራጎንጎ የላቫ ሐይቅም ከጎማ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው። ከሥሩ ያለው ላቫ የተሞላ ቱቦ የተራራውን ግድግዳ ከውስጥ ሌት ተቀን ይገፋዋል። ግድግዳው የተሠራው ከላቫና ከልቅ ጠጠር ንብብር ነው። በዚያ ላይ ተራራው ስምጥ ሸለቆ መሐል ስለቆመ መሬቱ ራሱ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ እየተለጠጠ ነው። ስለዚህ ስንጥቁ የሚሄደው ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው። ኒራጎንጎ ራሱ በሁለት አሮጌ እሳተ ገሞራዎች መሐል የበቀለ ነው፦ ባሩታ በስተሰሜን፣ ሻሄሩ በስተደቡብ። በዚያው መስመር ላይ ትናንሽ ሾጣጣ ጉብታዎች ተደርድረዋል። መስመሩን ወደ ደቡብ ተከትለው ቢሄዱ የሚደርሱት ጎማ ነው።

1977፦ አንድ ሰዓት ያልሞላ

ጃንዋሪ 10 ቀን 1977 የተራራው ጎን በበርካታ ቦታ ተሰነጠቀ። ለአሥርት ዓመታት ሲሞላ የኖረው ሐይቅ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ፈሶ አለቀ። 20 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ላቫ ማለት ነው። ቁልቁለቱ ላይ ፍጥነቱ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እና ከዚያም በላይ እንደነበረ ይገመታል። ብዙውን ጊዜ ላቫ የሚያዘግም ነገር ነው፤ ሰው በእግሩ ያመልጠዋል፤ የሚያጣው ቤቱንና እርሻውን ነው። ይሄኛውን ግን ሯጭም አያመልጠውም።

ፍጥነቱ የታወቀው ትቶት ከሄደው ዱካ ነው። ላቫው ዛፎቹን ወገባቸው ድረስ ውጦ ወዲያው ወርዶ ሄደ። ግንዶቹ ላይ የቀረው ቅርፊት ላቫው የደረሰበትን ከፍታ ያሳያል። መሬቱ ላይ ግን የቀረው ንጣፍ ገደሉ ላይ ሴንቲ ሜትሮች ብቻ ውፍረት ያለው ነው። ወፍራም ላቫ እንዲህ አያደርግም፤ እዚያው ይቆለላል። ይሄ እንደ ደራሽ ጎርፍ መጥቶ እንደ ደራሽ ጎርፍ አልፏል።

የሞቱት ስንት ናቸው? ቁጥሩ ያከራክራል። ዝቅተኛው ግምት በአስሮች፣ ከፍተኛው በመቶዎች ነው። መንደሮቹ ሲጠፉ ቆጣሪውም ተቆጣሪውም አብረው ስለሄዱ ትክክለኛው ቁጥር አይገኝም። ከተማዋን ያተረፋት ሐይቁ ቶሎ ማለቁ ነው። ላቫው አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ሲደርስ ደረቀ።

ከዚያ ሐይቁ ጠፋ። በ1982 ተመለሰ። በ1994 እንደገና ነቃ። ያ ዓመት ከሩዋንዳው የዘር ጭፍጨፋ በኋላ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ስደተኛ ጎማ ውስጥና ዙሪያዋን የሰፈረበት ጊዜ ነው። ሰዉ ኮሌራ እየፈጀው እላይ ደግሞ ተራራው ይፋጃል። ያኔ አልፈሰሰም።

2002፦ ላቫው ከተማው ውስጥ ሲወለድ

በጃንዋሪ 2002 ምሥራቅ ኮንጎ ጦርነት ላይ ነበር። ጎማ በአማፂያን እጅ ነበረች። የታዛቢ ማዕከሉ ሠራተኞች በጥቂት መሣሪያ፣ በቅጡ ደመወዝ ሳያገኙ ይሠሩ ነበር። ያም ሆኖ መሬቱ መንቀጥቀጡን አስተውለው "አንድ ነገር እየመጣ ነው" ብለው አስጠንቅቀዋል። የሰማቸው ግን ጥቂት ነው።

ጃንዋሪ 17 ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ሻሄሩ አጠገብ ስንጥቅ ተከፈተ። ስንጥቁ እዚያ አልቆመም። ቀኑን ሙሉ እንደ ዚፕ ወደ ደቡብ እየተከፈተ ወረደ፣ በመጨረሻ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ደረሰ። ልብ በሉ፦ ላቫው ከተራራው አናት ተንደርድሮ ብቻ አይደለም ከተማ የገባው። ከከተማዋ ጫፍ ላይ መሬቱ ራሱ ተከፍቶ ተፋው። ከተራራው በ15 ኪሎ ሜትር መራቅ እዚህ ላይ ዋስትና አይሆንም።

ከሰዓት በኋላ ላቫው ጎማን ሰንጥቆ አለፈ። የገበያውን ማዕከል፣ ካቴድራሉን በላ፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳም ሲሦ ያህሉን ሸፈነ። በመጨረሻ ኪቩ ሐይቅ ውስጥ ገባ። ውፍረቱ በየቦታው እስከ 2 ሜትር ይደርስ ነበር። ከከተማዋ 13 በመቶ ያህሉ ጠፋ። 120,000 ያህል ሰው ቤት አልባ ሆነ። የሞቱት ግን መቶና ከመቶ ትንሽ በላይ ናቸው። በቀን በመሆኑና ሰዉ ራሱ ቀድሞ በመሸሹ ነው። ከሞቱት ብዙዎቹን የገደለው ደግሞ ራሱ ላቫው አልነበረም። ከቀናት በኋላ አንድ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ነዳጅ ሊቀዱ የገቡ ሰዎች ላይ ማደያው ፈንድቶ ነው።

ሰዉ ወደ ሩዋንዳዋ ጊሴኒ ተሻገረ፣ ግን ብዙ አልቆየም። ሁለት ሦስት ቀን ሳይሞላ፣ ላቫው ገና ሳይበርድ፣ በላዩ እየተራመደ ተመለሰ። የእርዳታ ድርጅቶች ግራ ገባቸው። እኔ ግን አይገርመኝም። ካምፕ ውስጥ ተሰልፎ ምግብ ከመጠበቅ የተረፈ ቤት ካለ ሄዶ ሌባ ሳይቀድም መጠበቅ ይሻላል።

ከዚያ ከተማዋ በላቫው ላይ ተሠራች። ምድር ቤቱ ተቀብሮ አንደኛ ፎቁ ምድር ቤት የሆነ ሕንፃ አለ። የግቢው አጥር፣ የቤቱ መሠረት፣ የመንገዱ ጠጠር ሁሉ ከዚያው ጥቁር ድንጋይ ተፈልጦ የተሠራ ነው። ጎማ ውስጥ ቹኩዱ የሚባል ከእንጨት የተሠራ ትልቅ ባለሁለት ጎማ ተገፊ ጋሪ አለ፤ ድንች፣ ከሰል፣ ሲሚንቶ ይጫንበታል፤ ከተማዋ አደባባይ ላይ ሐውልት አቁማለታለች። በዚያ ኮረኮንች ላይ ሌላ ዕቃ ስለማይበረክት ነው መሰለኝ።

አውሮፕላን ማረፊያው ግን ለዓመታት በአጠረ ሜዳ ሲሠራ ቆየ። በኤፕሪል 2008 አንድ መንገደኛ አውሮፕላን ለመነሳት ሲንደረደር ሜዳው አልቆበት ገበያ ያለበት ሰፈር ውስጥ ገባ። በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ፣ አብዛኞቹ መሬት ላይ የነበሩ ናቸው። ከ6 ዓመት በፊት የፈሰሰ ላቫ የዚያን ቀንም ሰው ገደለ ማለት ይቻላል።

2021፦ አርባ ደቂቃ

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ።

ከ2002 በኋላ ሐይቁ ተመልሶ ሞላ። በ2016 በአፉ ውስጥ ሌላ አዲስ ቀዳዳ ተከፍቶ እሱም ላቫ መትፋት ጀመረ። የአፉ ወለል ዓመት በዓመት ከፍ እያለ መጣ። ባለሙያዎች ይህንን ያውቁ ነበር፤ በ2020 "አካሄዱ ከ1977 እና ከ2002 በፊት እንደነበረው ነው" ብለው ስጋታቸውን የተናገሩ ነበሩ።

ማዕከሉ ደግሞ ችግር ላይ ነበር። የዓለም ባንክ ድጋፍ በ2020 ተቋረጠ። ከመሣሪያዎቹ መረጃ የሚመጣበት ኢንተርኔት ክፍያ አጥቶ ለወራት ጠፍቶ ነበር። የገንዘብ አያያዙም ክስ ይቀርብበት ነበር። ሰዉ ቢናደድ አይፈረድበትም።

ግን መሣሪያው ሁሉ ቢሠራስ ኖሮ? በ2022 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት የሰጠው መልስ የሚያጽናና አይደለም። ተመራማሪዎቹ የንዝረቱን፣ የሳተላይቱንና የጋዙን መረጃ ሁሉ ሲያበጥሩ ቀድሞ የታየ ግልጽ ምልክት አላገኙም። መሣሪያዎቹ ያልተለመደ ነገር መመዝገብ የጀመሩት ላቫው ከመውጣቱ 40 ደቂቃ ያህል ብቻ ቀደም ብለው ነው። ምክንያቱ ከላይ ያየነው ነው። ከጥልቁ የሚመጣ አዲስ ቅልጥ አልነበረም። ቅልጡ እላይ ነበር፣ ለመሬት ገጽ ቅርብ። የተፈጠረው ነገር ቢኖር የቆየው ግድግዳ አንድ ምሽት መሸከም አቃተው።

ላቫው ሰሜናዊ ሰፈሮችን እየበላ መጥቶ ቡሄኔ የሚባለው ጋ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጥቂት መቶ ሜትሮች ሲቀሩት ቆመ። ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጥቂቶቹ የሞቱት በነጋታውና ከዚያ በኋላ ነው፤ ገና የሚጨስ ላቫ አቋርጠው ሊያልፉ ሲሉ ጋዙ አፍኗቸው። በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ወደሙ። ወደ ሰሜን የሚወስደው ዋናው መንገድ ተቆረጠ።

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ አለቀ ብሎ ያስባል። የከፋው ጊዜ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ነበር። ላቫው ከላይ መፍሰሱን ሲያቆም ከመሬት በታች ያለው ቅልጥ ስንጥቅ ይዞ ወደ ደቡብ መጓዝ ጀመረ። የመሬት መንቀጥቀጡ ቦታውን እየቀየረ፣ ቅልጡን ተከትሎ ከተማዋ ሥር ገባ፣ ከዚያም ኪቩ ሐይቅ ሥር። ቀኑን ሙሉ መሬቱ ይነዝራል። ሕንፃ ይሰነጠቃል፣ አስፋልት ይከፈታል። የስንጥቁ ጠቅላላ ርዝመት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ደረሰ። ከጎማ ቤቶች ሥር፣ ለመሬት ገጽ እጅግ ቀርቦ ነበር ያለፈው። ሜይ 27 ባለሥልጣናቱ ከከተማዋ 18 ሰፈሮች 10ሩ ባስቸኳይ ይውጡ አሉ። 400,000 ያህል ሰው ገሚሱ ወደ ሳኬ፣ ገሚሱ ወደ ሩዋንዳ፣ ሌላው በጀልባ ወደ ቡካቩ ሄደ። ቅልጡ ሳይወጣ ቀረ። ለምን እዚያ እንደቆመ ሳይንቲስቶች አሁንም ይወያዩበታል።

ከሥሩ ያለው ሌላው ሐይቅ

ባለሥልጣናቱን ያን ያህል ያስደነገጣቸው ላቫው ብቻ አልነበረም። ኪቩ ሐይቅ ነው።

ኪቩ እስከ 485 ሜትር ገደማ ጥልቀት አለው። ከሥሩ የሚወጣው የእሳተ ገሞራ ጋዝ ለሺህ ዓመታት በጥልቁ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ኖሯል። ጨዋማውና ከባዱ ውሃ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ስለሆነ ሁለቱ አይደባለቁም። በዚህ ምክንያት ወደ 300 ኪሎ ሜትር ኩብ ካርቦን ዳይኦክሳይድና 60 ኪሎ ሜትር ኩብ ሚቴን ከታች ታምቆ ተቀምጧል። በካሜሩን ኒዮስ የተባለ ትንሽ ሐይቅ በ1986 ጋዙን በአንድ ሌሊት ሲለቀው 1,700 ያህል ሰው በተኛበት ታፍኖ ሞቷል። ኪቩ ከኒዮስ እጅግ ይሰፋል፤ በዳርቻው የሚኖረውም ሰው በሚሊዮን ነው።

በ2002 ላቫው ሐይቁ ውስጥ ሲገባ ሁሉም ትንፋሹን ያዘ። ደግነቱ ጋዙ የታመቀበት ንብርብር ጥልቅ ነው፣ ላቫው እዚያ ድረስ አልወረደም። አስጊው ላቫ ከላይ ሲገባ ሳይሆን ከሐይቁ ወለል ሥር ቢፈነዳ ነው። በ2021 ስንጥቁ ሐይቁ ሥር ሲገባ ጭንቀቱ ይሄ ነበር። ሩዋንዳ በበኩሏ ሚቴኑን ከጥልቁ እየሳበች ኤሌክትሪክ ታመነጭበታለች፤ ኪቩዋት የተባለው ጣቢያ 26 ሜጋ ዋት ይሰጣል። የታመቀውን መቀነስም ነው፣ መብራትም ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን በየዓመቱ ድምፅ ሳያሰማ ሰው የሚገድለው ማዙኩ ነው። ማዙኩ በጎማ ዙሪያ ባሉ ረባዳ ቦታዎች ከመሬት የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከአየር ይከብዳልና ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ትልቅ ሰው ቆሞ ሲያልፍ ምንም ላይሰማው ይችላል፤ ፍየሏን ተከትሎ ጎንበስ ያለ ሕፃን ግን ይወድቃል። ነፋስ በሌለበት ሌሊትና ማለዳ ይብሳል። በጦርነት የተፈናቀሉ ሰዎች ቦታ አጥተው ከሳኬ መንገድ አጠገብ በእንዲህ ያሉ ቦታዎች ድንኳን ሲተክሉ ሞተዋል።

የተራራው ጭስ ደግሞ ከዝናብ ጋር ሲወርድ የቆርቆሮ ጣሪያ ይበላል። ከጣሪያ የሚጠራቀመው ውሃ ፍሎራይድ ይይዛል፣ የልጆች ጥርስ ቡናማ ይሆናል። ዝዋይና ወንጂ አካባቢ ያደገ ሰው ይህን ጥርስ ያውቀዋል። ስምጥ ሸለቆው አንድ ነው ያልኩት በዋዛ አይደለም።

ኤርታሌስ?

የኛው ኤርታሌም የላቫ ሐይቅ ነበረው፣ በጃንዋሪ 2017ም ኒራጎንጎ የሚያደርገውን አድርጓል፦ ሐይቁ ሞልቶ ፈሰሰ፣ ከዚያ ከጎኑ ስንጥቅ ተከፈተ፣ የሐይቁ ገጽ ዝቅ አለ። ላቫው ሜዳው ላይ ለጥ ብሎ ፈሰሰ፣ ዜናም ሳይሆን ቀረ ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ሁለት ነው። ኤርታሌ ዝርግ ነው፣ ቁልቁለት የለውም፤ ላቫውም ትንሽ ይወፍራል። ሁለተኛውና ዋናው፣ ከሥሩ ጎማን የሚያህል ከተማ የለም። በኖቬምበር 2025 አመዱን እስከ ሕንድ የላከው ሃይሊ ጉቢ የዚያው የኤርታሌ ሰንሰለት አባል ነው። እሱም ቢሆን አካባቢው ላይ የሚኖረው ሰው ትንሽ ነው፤ የተጎዳው በአብዛኛው የአፋር አርብቶ አደር ግጦሽ ነው።

ጎማ ግን የምትሄድበት የላትም። በስተደቡብ ሐይቅ፣ በስተሰሜን ተራራ፣ በስተምሥራቅ የሩዋንዳ ድንበር፣ በስተምዕራብ አንድ የሳኬ መንገድ። በ2002 ከነበራት ሕዝብ ዛሬ በብዙ እጥፍ አድጋለች። በጃንዋሪ 2025 የኤም 23 አማፂያን ሲይዟት አውሮፕላን ማረፊያዋም ተዘጋ። የ2021 ላቫ በበረደ በጥቂት ወራት ውስጥ ከተራራው አፍ ቀይ ፍካት እንደገና መታየት ጀምሯል።

ስለዚህ ባለሙያዎች አሁን "መቼ ይፈነዳል?" የሚለውን ጥያቄ ትተው ሌላ ነገር መለካት ጀምረዋል። ንዝረትን ብቻ መጠበቅ 40 ደቂቃ ነው የሚሰጠው። የላቫ ሐይቁ ከፍታ ግን በዓመታት የሚቀየር ነገር ነው፣ በሳተላይትም ይታያል። የአፉ ወለል ወደ አሮጌዎቹ እርከኖች በቀረበ ቁጥር ግድግዳው ላይ ያለው ጫና ይጨምራል። ቀኑን አይነግርም። ግን የማምለጫ መንገድ መጥረግ፣ ከሩዋንዳ ጋር ድንበሩ በምን ሁኔታ እንደሚከፈት መስማማት፣ ከስንጥቁ መስመር ላይ ትምህርት ቤትና ነዳጅ ማደያ አለመሥራት፣ ይሄ ሁሉ ቀኑን ማወቅ አይጠይቅም።